የሊዲ ምሳ ዕቃ

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ቀኑን ሙሉ ንፋስ። አቧራው ከአዳማው የአሰላ መውጫ ተነስቶ ሱቄ ውስጥ ገብቶ ተኛ። ጎሚስታ መሆን በዚህ ወር ቅጣት ነው። ጠዋት የጠገንኩለት ሹፌር ከሰዓት ተመልሶ መጣ፣ ጎማው ተነፈሰ ብሎ። በሌላ ሚስማር ላይ የወጣው እሱ፣ ተሰዳቢው እኔ። ሰድቤ መለስኩት።

ቤት ገብቼ የሊዲን ቦርሳ ስፈታ ምሳ ዕቃው ከባድ ነው። ከፈትኩት። ፓስታው እንዳለ። "ጠግቤ ነበር አባዬ" አለች። በምን? በአየር? ጠዋት የበላችው ዳቦ በሻይ ነው። ዓርብም መልሳ አምጥታ ነበር፣ ዝም አልኳት።

ሹካ ሰካሁበት። ላንሳ ስል ሙሉው ተነሳ። የምሳ ዕቃውን ቅርጽ እንደያዘ፣ አራት ማዕዘን ሆኖ! እኔ የጎማ ከመነዳሪ በማስቲሽ ስለጥፍ እንኳን እንዲህ አጥብቆ ይዞልኝ አያውቅም። ተናደድኩ። በማን እንደሆነ ግን እንጃ።

ይሄን ደብተር የገዛችልኝ ባለቤቴ ማርቲ ናት። ባንኩ እድገት ሰጥቶ ሻሸመኔ ሲመድባት… "መስዬ፣ እኔ በሌለሁበት ንዴትህን ሰው ላይ ከምታፈስ እዚህ አፍስሰው" ብላ። ይኸው እያፈሰስኩ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ትመጣለች። እስከዚያ እኔና ልጄ ብቻ። ሰባት ዓመቷ ነው፣ ሁለተኛ ክፍል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ፓስታ የምገዛው ከፈሪድ ነው፣ ሱቁ ከሱቄ ጎን ነው። ሄጄ ጮኽኩበት። ምን ዓይነት ፓስታ ነው የምትሸጥልኝ አልኩት። ፈሪድ አይናደድም። የወሎ ሰው ልጅ ነው፣ ሁሉን በእርጋታ። ይሄም ያናድደኛል። ፓስታው ምን በደለህ፣ ውሃው ላይ ዘይት ጠብ አድርግበት፣ አይያያዝም አለ።

ነገ ዘይት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ዘይት ጨመርኩ። ጠብ ሳይሆን ገለበጥኩ ማለት ይሻላል። ዘይቱ ከላይ ተንሳፍፎ ቀረ። ፓስታው ከታች እርስ በርሱ ተቃቅፎ ተኛ።

ምሳ ዕቃው እንደሄደ ተመለሰ። አልሸሹም ዞር አሉ። ትላንት ደረቅ ጡብ ነበር፣ ዛሬ የሚያብረቀርቅ ጡብ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ግቢያችን ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ አዋቂ ናቸው። አንዷ ሰባብረህ ቀቅለው ትላለች። አንዷ በቀዝቃዛ ውሃ እጠበው ትላለች። ሌላዋ ደግሞ እንጀራ ብታስይዛት ምን አለበት ትላለች። ማን ጠየቃችሁ? እኔው ነኝ የጠየቅኳቸው። ቢሆንም…

አጠብኩት። ቧንቧ ውሃ የለም፣ ለመጠጥ ያስቀመጥኩትን ጀሪካን ጨረስኩበት። ሱጎ ሠራሁ፣ የመቂ ቲማቲም፣ ቆንጆ ቀይ። የሚፈላውን ሱጎ አፈሰስኩበትና ልጄ ትኩስ ትብላ ብዬ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ በፎጣ ጠቀለልኩት። እንደ ሕፃን።

ያው ነው። እንዲያውም ከድጡ ወደ ማጡ።

ማታ ካልሲዋን ሳወልቅላት ያዝኳት። እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቆጣም አልኳት። ሌላውን እግሯን ዘረጋችልኝ።

"ይዘፍኑልኛል።"

"ምን ብለው?"

"መልካም ልደት።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤት ሴቶቹ ልጆች ምሳቸውን መሃል አድርገው ነው የሚበሉት። አንዷ ከአንዷ ትጎርሳለች። አንዷ የሊዲን ፓስታ በሹካ ስታነሳ ሙሉው ተነሳ። "ኬክ!" አለች። ሳቁ። ከዚያ ዘፈኑላት፣ እያጨበጨቡ። ቁረሺልን አሏት። በነጋታውም ዘፈኑ። አሁን ምሳ ዕቃዋን ይዛ ከቧንቧው ጀርባ ሄዳ ትቀመጣለች። ብቻዋን። ክዳኑን አትከፍተውም።

የሰው ልጅ ላይ ይዘፈናል? በምሳው?

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ትምህርት ቤት ሄጄ በሩ ላይ ጮኽኩ። መምህሯ ወጣች። ልጆች ናቸው አለችኝ። ልጆች መሆናቸውን እኔም አውቃለሁ! ጥበቃው ክንዴን ይዞ ወደ ውጭ።

ሊዲ በመስኮት አይታኛለች። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ያለችኝ ይሄን ብቻ ነው። "አባዬ፣ ሁለተኛ እንዳትመጣ።"

እሑድ፣ ኅዳር 8

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። የማርቲ ታላቅ እህት፣ እትዬ ዘገዬ፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ እኛ ቤት። ፊት ለፊት "እርስዎ" እላታለሁ። እዚህ ግን "እሷ" ናት። ደብተሩ የእኔ ነው።

ገና ነጠላዋን ሳታወርድ ድስት ከፈተች። ፓስታውን በማንኪያ ነካ ነካ አድርጋ፣ "ሰው ይሄን ለልጅ ይሰጣል?" ደግሞ አሸተተችው። ጎማ ጎማ ይላል አለች። እጄን በኦሞ ታጥቤ ነው የምሠራው። ሁለት ጊዜ!

ከዚያ ዋናውን አመጣችው። ወንድ ልጅ ሴት ልጅ አያሳድግም። እኔ ጋ ሰፊ ቤት አለ፣ ሠራተኛ አለች፣ ትምህርት ቤቱ ለሰፈራችን ለፍራንኮ ቅርብ ነው። እናቷ ተዛውራ እስክትመለስ ልጅቷ እኔ ጋ ትሁን። ማርቲንም በስልክ አንስቼባታለሁ አለች።

ማርቲ ቅዳሜ ትመጣለች፣ ያኔ እንነጋገራለን አልኳት በትሕትና። ከግቢ እስክትወጣ ጠበቅኩ። ከዚያ ባልዲውን በእርግጫ…

ስለዚህ እስከ ቅዳሜ ነው ያለኝ። ሊዲ ምሳዋን በልታ መምጣት አለባት። አለበለዚያ ልጄን ይወስዱብኛል። በፓስታ!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ነገሪ መጣ። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፣ የድሮ ደንበኛዬ። "አካም ጂርታ፣ መሳይ? ፊትህ ምነው?" አለኝ። ነገርኩት። የሚስቅ መስሎኝ የጎማ መፍቻውን አጥብቄ ይዤ ነበር። አልሳቀም። ከመኪናው ጎን ካለው ሳጥን የጋዝ ምድጃና ትልቅ ጥቁር ድስት አወረደ። እኔ ጎማ ስፈታ እሱ ውሃ ጣደ።

በምን ያህል ውሃ እንደምቀቅል ጠየቀኝ። በትንሿ ድስት፣ ፓስታውን እስኪሸፍነው አልኩት። ያኔ ሳቀ። ታዲያ የት ሄዶ ይለያይ፣ ቦታ ስጠው እንጂ አለ። ውሃው ይብዛ፣ ተንተክትኮ ይፍላ፣ ጨው ይግባበት። ፓስታው እንደገባ ሹካውን ከእጅህ እንዳትለቅ፣ የሚያያዘው ገና መጀመሪያው ላይ ነው። ዘይትህን ለሱጎህ አስቀምጥ። ደግሞ እንደ ገንፎ አታብስለው፣ ጥርስ ላይ ትንሽ ሲይዝ አውጣው።

አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብለን በላን። አንድ አንድ እየሆነ ይወርዳል። ተናደድኩ። ይሄን ያህል ቀላል ነገር እያለ!

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ማርቲ ለበዓል ብቻ የምታወጣውን ትልቁን ድስት አወረድኩ። ነገሪ እንዳለው አደረግኩ። የነገሪን ስም እየጠራሁ አማሰልኩ። ሳጠልለው እንዴት ያምራል! ሊዲን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ አሳየኋት። "ቆንጆ ነው አባዬ" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። ትኩስ ትኩሱን ሞላሁላት፣ ክዳኑን ጥርቅም፣ በፎጣ ጥቅልል። ሱቅ ስሄድ እያፏጨሁ ነበር። ፈሪድ ምን አገኘህ አለኝ።

ምሳ ዕቃው ተመለሰ። ጡብ!

ምን አባቱ ነው የሚፈልገው? ከድስት ሲወጣ ሰላም ነበር። መንገድ ላይ ነው የተስማሙት? ድስቱን ግድግዳ ላይ ወረወርኩት። አንድ ጆሮው ተሰበረ። ዞር ስል ሊዲ አልጋው ጫፍ ላይ እጆቿን ጭኖቿ መሃል አድርጋ ተቀምጣለች።

"በእኔ ነው የተናደድከው?"

በአንቺ አይደለም፣ በፓስታው ነው አልኳት። ፓስታው ይሰማሃል ወይ አለችኝ። አይሰማም። ማንም አይሰማኝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ማርቲ መጣች። ጆሮ ያጣውን ድስት አየችው። አንስታ ቦታው መለሰችው፣ ይሄ ከመጮህ ይብሳል። እትዬ ዘገዬም መጣች፣ ሰዓት ቆጥራ። ብዙ አወራች፣ እኔም መለስኩ፣ ድምፄ ከፍ ብሏል። የግቢው ሰው ሁሉ ሰምቷል። ይስማ!

ማርቲ ሁለታችንንም ዝም አሰኘችን። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ቀስ ብላ፣

"ነገሩ ፓስታው አይደለም መስዬ። ልጅቷን ቀን ቀን እየራባት ነው።"

እውነት ነዋ። እውነት ስለሆነ ነው እንዲህ የሚያንገበግበኝ።

እስከ ገና ሊዲ እትዬ ዘገዬ ጋ ትሁን፣ ከዚያ እናያለን ተባለ። ከገና በኋላ ጥምቀት አለ፣ ከጥምቀት በኋላ ፈተና አለ… አውቃቸዋለሁ። ልጅ አንዴ ከቤት ከወጣ መመለሻው ሩቅ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ሊዲን ፍራንኮ አደረስኳት። ልብሷን፣ ደብተሮቿን፣ ትራሷን። ምሳ ዕቃዋን ስሰጥ እትዬ ዘገዬ እጇን እንኳ አልዘረጋችም። አዲስ ተገዝቶላታል አለች።

ይዤው ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ቤቱ ጭር ብሏል። ጠዋት ተነሳሁ፣ ሳላስበው ውሃ ጣድኩ። ለማን? ጣድኩ በቃ። ቀቀልኩ፣ በሊዲ ምሳ ዕቃ ሞላሁ፣ ከደንኩ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ሱቅ ወሰድኩት። እልህ ነው። እኔው ራሴ እስከ ምሳ ሰዓት አጠገቡ ተቀምጬ ምን እንደሚሆን ላየው።

በምሳ ሰዓት ስከፍተው ከክዳኑ ሥር ውሃ እጄ ላይ ተንጠባጠበ። ክዳኑ በሙሉ አልቦታል! ፓስታው ያው ጡብ።

ለካ እዚያ ውስጥ ታፍኖ መብሰሉን አላቆመም። እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ተመልሶ እላዩ ላይ ይዘንባል። ድስቱ አይደለም። ውሃው አይደለም። ትኩስ ትብላ ብዬ የጠቀለልኩት ፎጣ ነው! በገዛ እጄ፣ በየጠዋቱ፣ እንደ ሕፃን እየጠቀለልኩ…

መፍቻውን አንስቼ የሚመታ ፈለግኩ። አጣሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ዛሬ አበረድኩት። ሰፊ ትሪ ላይ ዘርግቼ፣ ዘይት ጠብ አድርጌ (ፈሪድ ዘይቱን አልሳተም፣ ጊዜውን ነው የሳተው)፣ በሹካ ከፍ ዝቅ እያደረግኩ። ሱጎውንም ለብቻ አበረድኩ። ሁለቱም እጅ ሳያቃጥሉ ሲቀሩ ቀላቀልኩ፣ ሞላሁ፣ ያኔ ከደንኩ። ያለ ፎጣ።

በምሳ ሰዓት ከፈትኩት። በሹካ አነሳሁ። ሦስት አራት ክር ብቻ መጣ። ሌላው እንደተኛ ቀረ!

ጮኽኩ። ፈሪድ ሰው ጎማ የፈነዳበት መስሎት ሮጦ መጣ። ቅመስ አልኩት። ቀመሰ። ጨው አነሰው አለ። እኔ ስለ ጨው ነው የጠየቅኩህ?

የማሳየው ሌላ ሰው የለም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ማርቲ ጋ ደወልኩ። ዘዴው ተገኘ አልኳት፣ ሊዲ ትመለስልኝ። ጎበዝ አለችኝ፣ ከልቧ ነው። ግን ልጅቷን እንደ ዕቃ ከዚያ እዚህ አናመላልሳት፣ እስከ ገና ትቆይ አለች። ለእህቴም ቃል ሰጥቻለሁ አለች።

ለእህቷ ቃል አላት። ለእኔስ? ስልኩን ዘጋሁት። መልሳ ደወለች። አላነሳሁም።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ሊዲን ልጠይቅ ሄድኩ። የገዛ ልጄን "ልጠይቅ"! እንግዳ ሆኜ ሶፋ ላይ ተቀመጥኩ። ለስላሳ ቀረበልኝ።

ሊዲ አዲሱን ምሳ ዕቃዋን አሳየችኝ። ሮዝ ነው፣ እንደ ፔርሙዝ ሙቀት የሚይዝ። እትዬ ዘገዬ ደረቷን ነፍታ፣ "ጠዋት የጨመርክበት እስከ ማታ ያቃጥላል" አለች። በጾም ፓስታ ነው የምትይዘው አለች ደግሞ።

ይሄ ዕቃ ፓስታ ላይ ምን እንደሚሠራ አሁን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አዳማ ውስጥ የለም። አልነገርኳትም። ለስላሳዬን ጠጣሁ። ደስ አለኝ ብዬ ልጻፍ? ደስ አለኝ። በጣም!

ሐሙስ፣ ኅዳር 26

እትዬ ዘገዬ ደወለች። ልጅቷን ምን አስለመድካት፣ ሳምንቱን ሙሉ ምሳዋን እየመለሰች ነው አለች። እያቃጠለ የሄደ ምግብ እያቃጠለ ይመለሳል አለች። ሠራተኛዋን ተቆጥታለች፣ ፓስታውን ቀይራለች፣ ዘይት ጨምራለች።

"እኔ ምን አውቄ" አልኳት። "ወንድ ልጅ ነኝ።"

እንዴት ጣፈጠችኝ! ይሄን ቃል ስንት ቀን አፌ ውስጥ ይዤው ነበር። ይበላት። ትየው። ሠራተኛ አለች፣ ሰፊ ቤት አለ፣ ታዲያ የታለ?

ከዚያ ሊዲን አቅርቡልኝ አልኩ። ምሳሽን ለምን አትበይም አልኳት፣ መልሱን እያወቅኩት።

"አሁን ደግሞ ሻማ አምጪ ይሉኛል" አለች። እንደ ተራ ነገር። እንደ ለመደችው ነገር።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሥራ መሥራት አቃተኝ። በእትዬ ዘገዬ ልናደድ ሞከርኩ። እምቢ አለኝ። እሑድ ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ለስላሳ ስጠጣ… ያቺ ልጅ ሰኞ እንደምትራብ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ማንን እየቀጣሁ ነው?

ለእትዬ ዘገዬ ብነግራት ግን ሊዲ እዚያ መብላት ትጀምራለች። በልታ ካደረች ማን ይመልስልኛል? በእጄ ያለው ይሄ ብቻ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 27

አሁን ረፋድ ነው፣ ሱቅ ውስጥ ነኝ። ሥራ የለም። በሆነበት ቅደም ተከተል ልጻፈው።

ገና በማለዳ እትዬ ዘገዬ ጋ ደወልኩ። ለጸሎት እንደምትነሳ አውቃለሁ። ሰላምታም አልሰጠሁም። ይስሙኝ እትዬ፣ ወረቀት አያስፈልግም፣ ቆመው ብቻ ይስሙኝ አልኳት። ትልቁን ድስት ያስጥዱ። ውሃው ተንተክትኮ ካልፈላ ፓስታ እንዳይገባ። ሲገባ ሠራተኛዋ ሹካ ይዛ ትቁምበት፣ ወሬ የለም። ጥርስ ላይ ሲይዝ ይውጣ። ይበስልልኝ አለች፣ ሆዷን ያማታል። አያማትም አልኳት፣ ቁጣዬ መጣ፣ ዋጥኩት። ትሪ ላይ ይዘርጉት። ዘይት ያኔ ነው። እስኪበርድ ክዳን የሚባል ነገር እንዳይነካው።

"ዝንብስ?"

ነጠላ ጣል ያድርጉበት አልኳት። ያቺን ሮዝ ፔርሙዝ ግን ለሻይ ያድርጓት።

ቀዝቃዛ ምግብ ለልጅ? አለች። አዎ፣ ቀዝቃዛ! ትኩሱ ነው ልጅቷን ያስራባት፣ በእኔም ቤት በእርስዎም ቤት። እኔም እንደርስዎ ትኩስ ትብላ ብዬ ነው አልኳት። እስኪበርድ ስንት ይፈጃል አለች። ልጅቷ ተጣጥባ፣ ለብሳ፣ ጸጉሯ ተበጥሮ፣ ቁርሷን በልታ እስክትጨርስ ይበርዳል፤ እርስዎ ግን ቆመው ከፍ ዝቅ ማድረግ አለብዎት፣ ትተውት ከሄዱ ከታች ይያያዛል።

ስልኩ የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

"ቆይ መሳይ። ሊዲ እዚህ ናት። አንተ ይሄን ለማን ስትሠራ ነው ያወቅኸው?"

ለማንም አልኳት። ጠዋት ጠዋት ምሳዋን እሠራለሁ። በድሮው ምሳ ዕቃዋ አድርጌ ሱቅ ይዤ እሄዳለሁ።

"ከሄደች ወዲህ? በየቀኑ?"

"በየቀኑ።"

ከጀርባዋ የሊዲ ድምፅ ይሰማኛል፣ ካልሲዬ ጠፋብኝ ስትል። እኔ ተዘጋጅቻለሁ። አንድ ክፉ ቃል ብትናገር ስንት የምመልስላት አለኝ! ከኅዳር ስምንት ጀምሮ የተጠራቀመ።

"ስማኝ" አለች። "እኔ በዚህ ዕድሜዬ ፓስታ እስኪበርድ ቆሜ አልጠብቅም። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ራስህ ውሰዳት። ልብሷን ለሠራተኛዋ አስይዤ እልካለሁ። ማርቲን እኔ እነግራታለሁ።"

አፌን ከፈትኩ። ካዘጋጀሁት ስድብ አንዱም የሚሆን የለም። "እሺ እትዬ" ብቻ ነው የወጣኝ። ቆይቼ፣ የዛሬው ምሳዋስ አልኳት።

"ሠርተሃል አይደል እንዴ? አምጣላት።"

ሠርቻለሁ። ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ በርዶ። ከደንኩት። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ለጥበቃው ሰጥቼ፣ ድምፄን ሳላሰማ ተመለስኩ። ስትወጣ የማመጣት እኔ ነኝ።